መምህርት ሙሉብርሃን እንዳላማው፣ ልጆችን ከጓዳ ያወጡት

መምህርት ሙሉብርሃን ማክሰኞ ማለዳ ዐረፉ። ንግግራቸው ከጠፋ ወር አልፎት ነበር።

የተወለዱት በ1954 ዓ.ም. ዲማ አካባቢ ነው። አባታቸው መሪጌታ እንዳላማው ፈንታ፣ እናታቸው ወይዘሮ የብርጓል ደመላሽ ይባላሉ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ነው። ደብረ ማርቆስ ተምረው በ1975 ዓ.ም. ደጀን ላይ ማስተማር ጀመሩ። በ1980 ዓ.ም. አቶ አበረ ዘመነን አገቡ፤ በ1983 ዓ.ም. ሕሊናን ወለዱ። አቶ አበረ በ2008 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል።

ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወሩ በኋላ አንድ ነገር ይከነክናቸው ጀመር። መንደሩ ውስጥ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ መራመድ ያቃተው ልጅ አለ፤ ክፍል ውስጥ ግን የለም። ወላጅ ሲጠየቅ «የለንም» ይላል። ስለዚህ ሕሊናን ይዘው ይዞሩ ጀመር። እሳቸው ከእናትየው ጋር ስለ ዝናቡ ስለ እህሉ ያወራሉ፤ ሕሊና ደጅ ትጫወታለች፤ የተደበቀው ልጅ ጨዋታ ሲያምረው በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል። «ልጅን ከጓዳ የሚያወጣው ልጅ ነው» ይሉ ነበር። ልጁ ከወጣ በኋላ ሕሊናን ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

ከወላጆች፣ ከመምህራንና ከካህናት ጋር ማኅበር አቋቋሙ። ወላጅ ልጁን ያመጣል፤ መምህር ወላጁ ቤት ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ የጎረቤት ተማሪ መንገድ ያደርሳል። ደረጃ ለማይወጡት የክፍሉን መግቢያ በድንጋይ ያስተካከሉት አባቶች ናቸው፣ በበዓል ቀን፣ ሞፈር በማይነካበት። በዓል ተሻረ ያሉ ነበሩ። አባታቸው መሪጌታ «በሬያችሁ ገደል ቢገባ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው ብላችሁ ትተዉት ነበር?» አሏቸው። ነገሩ በዚያው ቀረ።

በ1991 ዓ.ም. ከዲማ ደብሪቱ ዓባይ የምትባል ልጅ አመጡ። አትሰማም። እዚያ የሚያስተምራት ስላልነበረ እሳቸው ቤት አደገች፣ ከሕሊና ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛች። ሕሊና ቀናች። ይህ በዘመድ ሁሉ የታወቀ ነው፤ እሷም ይጻፍ ብላለች። መምህርት የምልክት ቋንቋ ከደብሪቱ ጋር አብረው ተማሩ፤ ሕሊና «እጄን አላወናጭፍም» ብላ ቀረች። ማዕድ ላይ ሁለቱ በእጃቸው ተጫውተው ሲስቁ «ምን አላችሁ?» ትላለች። «ብትማሪ ታውቂው ነበር» ይሏታል። «እማዬ የምትሰማው የማይሰሙትን ብቻ ነው» ትል ነበር፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

ደብሪቱ ተምራ መምህር ሆነች። ዛሬ መስማት የተሳናቸውን ታስተምራለች። ሕሊና ደጀን መሥሪያ ቤት ገባች።

ዘንድሮ መምህርት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ግራ እጃቸው ብቻ ቀረ። ሕሊና ፈቃድ ወስዳ መጣች፤ ማስታመሙን ለማንም አላካፍልም አለች። እናቷ ግን ነቃ ባሉ ቁጥር እጃቸውን አንስተው የጆሯቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይስባሉ። ጆሮ ማለት የማትሰማዋ ናት፤ ደብሪቱን ነው የሚፈልጉት ብላ አሰበች። «ትፈልግሻለች፣ ነይ» ብላ በስልክ ትጽፍላታለች። ደብሪቱ ክፍሏን ትታ በባጃጅ ትደርሳለች። ሕሊና ተነስታ ትወጣለች።

«እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሷን ትጣራለች» አለች ለአጎቷ ለአቶ ጌቱ።

«አንቺ ልጅ፣ በታመመ ሰው ይቀናል?»

«ይቀናል።»

አንድ ቀን ደብሪቱ ተከትላት ወጣች። ስልኳ ላይ ጻፈችላት፦ «የሚጠሩት እኔን አይደለም። አንቺን ነው። የማይሰሙት ልጆች ድሮ በጉትቻሽ ያወጡልሽ የምልክት ስም ነው። እኔ ስመጣ ወዴት ሄደች ይሉኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የምታውቂው መስሎኝ። ጠይቀሽኝም አታውቂም።»

ሕሊና ተመልሳ ገባች። መምህርት ጆሯቸውን ሳቡ። ደብሪቱ «አቤት» በእጅ እንዴት እንደሚባል አሳየቻት። አለችም። ከዚያ ወዲያ በመጣራት እረፍት አልሰጧትም፤ አንዳንዴ ለውኃ፣ አንዳንዴ ለምንም። በመጨረሻው ሌሊትም ጠርተዋታል፤ አቤት ብላለች።

መምህርት ሙሉብርሃን ወንድማቸውን አቶ ጌቱ እንዳላማውን፣ ልጆቻቸውን ሕሊና አበረንና ደብሪቱ ዓባይን ትተው በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አልፈዋል። ከጓዳ ካወጧቸው ቀድመው ያለፉት በደጁ ቆመው ይቀበሏቸው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። አሜን።

መጀመሪያ የተጻፈው «አንድ ልጃቸውን» ተብሎ ነበር። ሕሊና አይታ «ልጆቻቸውን በሉት፤ የእሷ ስም ግን ከእኔ ቀጥሎ ይሁን» አለች። አቶ ጌቱ በዕድሜ ደብሪቱ እንደምትበልጥ ነገሯት። «በማኅፀን እኔ እቀድማለሁ» ብላ ወረቀቱን ይዛ ወደ ማተሚያ ቤት ሄደች።