በጣት የተሰበረች ድንጋይ

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ፣ መሃል ላይ ያለውን ቦርጭህንም ጨምሮ፣ ደህና ነህ ወይ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ባለቤትህስ አንተን መቻል አልሰለቻትም? እኔ ጤናዬን ደህና ነኝ፤ ምላሴም እንደምታውቀው አልዛገም።

ባለፈው ስትደውል አንገትህን ደፍተህ ይቅርታ ጠይቅ፣ የሥራህን በር በገዛ እጅህ አትዝጋ ብለኸኛል። ነገሩን ሳትሰማ ነው የፈረድከው፤ አሁን አረፍ ብለህ አንብብ።

የምሠራው መስኮት በሌለው ጨለማ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ጌቶቼ ጥፍር የምታህል ጥቁር ድንጋይ እያቀዘቀዙ ብርሃን ይተኩሱባታል። ስትቀዘቅዝ በውስጧ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ይሰለፉና ኤሌክትሪክ አላሳልፍም ትላለች። አንድ ብልጭታ ሲመታት ሰልፉ ይፈርሳል፤ እንደ ብረት ታሳልፋለች። ሁለተኛው ብልጭታ እግር በእግር ተከትሎ ምን ሆነች ብሎ ያያል። አንዱ ልጅ በጥፊ ይማታል፣ ሌላው አለቀሰ ወይ ብሎ ያጮልቃል እንደማለት ነው። ዓይን ሳይርገበገብ ሁሉም ያልቅና ድንጋይቱ ወደ ግትርነቷ ትመለሳለች። ዕድሜ ልካቸውን የተማሩት እንግዲህ ለዚህ ነው!

አለቃውን «ጣቶ» ነው የምለው። ልኬት ሲጀመር ብርሃኑን የሚመሩት መስታወቶች ይንቀጠቀጣሉ ብሎ መናገር ይከለክላል፤ በጣቱ ነው የሚያዘው። የብርሃኑ መቆጣጠሪያ እኔ እጅ ስለሆነ፣ ጣቱን ወደ ላይ ካነሳ አንድ ደረጃ ጨምር ማለት ነው። እኔም ከኋላው ሆኜ ጣቱን እያስመሰልኩ እሱ ዘንድ የምትማረውን ተማሪ በሳቅ ስገድላት ከርሜያለሁ።

ያን ቀን ድንጋይቱ አልሰማ አለች። እንግዶች ሊመጡ ነውና ጣቶ ተቅበጠበጠ። ጣቱን አነሳ፣ ጨመርኩ። ደግሞ አነሳ፣ ጨመርኩ። እንደገና ሲያነሳ ተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች፤ እኔ ግን የታዘዝኩትን አደረግሁ። ድንጋይቱ ለሁለት ተሰነጠቀች፤ ምትክም የላትም። ጣቶ ዞሮ ማነው ጨምር ያለህ አለኝ። እርስዎ አልኩት። እኔ ቃል አልተነፈስኩም አለ። እውነቱን ነው፣ አልተነፈሰም! በጣቱ ሰብሮ በአፉ ንጹሕ የሚሆን ሰው አይቼ አላውቅም። እኔን ቀልደኛውን ደግሞ ማን ይመነኝ?

በሁሉም ፊት ስቀልድ ሰበርኳት በል፣ ሥራህ ላይ ትቆያለህ አለኝ። ትናንት የቤተ ሙከራው ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ። ተማሪዋ መመረቂያዋ በእሱ እጅ ነውና ጫማዋን ታጠናለች። አልፈረድኩባትም፤ ትንሽ ግን ናቅኋት። ተነሣሁና የሆነውን እንደሆነ ተናገርኩ፤ አንድም ቀልድ አልጨመርኩበትም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ጣቶን ያኔ ቃል አልቸገረውም፤ ውጣ አለኝ።

እና ጋሼ፣ ሥራ የለኝም። ሰኞ ሌላ እፈልጋለሁ፣ ዕቃ መጫንም ቢሆን። አንተ ተቆጣ፣ መብትህ ነው፤ ከተቀመጥክበት ሳትነሣ እስከቻልክ ድረስ።

ባለቤትህን አይዞሽ በልልኝ። ትንሿን እህታችንን ጆሮዋን ቆንጥጥልኝ፤ ምክንያቱን ራሷ ታውቀዋለች። አጎቴን ማንኮራፋቱ እዚህ ድረስ ይሰማል በለው። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝና እውነቱን ንገራት፤ ተባረረ በላት። ይቅርታ ጠየቀ ብለህ ግን እንዳታስደነግጣት።

ታናሽህ

ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ ረፋድ፣ ኅዳር ፱ ቀን