ሁለት ድስት ስለጣደው ክበባችን

ለተከበሩ ዶክተር ኦመር፣ የዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች ጉዳይ ዲን
ካርቱም

ክቡር ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? የቢሮዎ ማቀዝቀዣስ? ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ደጅዎን ስጠና በበርዎ ሥር የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር እግሬን እየነካኝ፣ እርስዎ በዚህ ሙቀት ደህና መሆንዎን ተረድቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በዓረብኛ ስድስት ማመልከቻ አስገብቼ ስድስቱም ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባሉ፣ እርስዎ እንደሆነ አያነቡትም፣ ቢያንስ ካርቱም ያሉ የአገሬ ልጆች ያንብቡት ብዬ ነው።

ሰብለ አያሌው እባላለሁ፤ የወሎ፣ የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ የነርስነት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ እንዲሁም ከወር በፊት የዘጉት «እንተዋወቅ» የተባለው ክበብ ጸሐፊ ነኝ። ክበቡ፣ መቼም ሥራ በዝቶብዎ ረስተውት ይሆናል፣ በራስዎ ፊርማ የተፈቀደ፣ ሃያ ሦስት ተማሪዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሃይማኖት የሚጠይቅበት ነበር። ከኦምዱርማን የሚመጣው የኮፕት ልጅ ስለ ጾማቸው ይነግረናል፣ ሱዳኖቹ ስለ ዚክራቸው ያስረዱናል፣ እኛ የወሎዎቹ ደግሞ ሁለቱ እንዴት በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚኖሩ እናወራለን። ሊቀመንበራችን ሉጥፊያ ነበረች። እናቷ እትዬ ሐምዲያ ከወሎ መጥተው፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አሥራ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርተው ያስተማሯት አንድ ልጃቸው ናት።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ምስጋናም ጣል እያደረግሁበት፣ በቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ ድስቶቹ። በክበባችን የምግብ ቀን ሁለት ድስት የዶሮ ወጥ ሠራን። በእኛ አገር ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር የእስላሙን እስላም፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን ያርደዋል፤ ለየብቻ ይበስላል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል። ድስቱ የሚለየው ሰው እንዳይለያይ ነው። ከአባሎቻችን ኑርሁሴን በቢስሚላህ፣ አንዱዓለም በሥላሴ ስም አረዱ፤ እኔ ደግሞ ጭልፋ እንዳይቀላቀል ብዬ በእስላሙ ድስት ጆሮ ላይ አረንጓዴ፣ በክርስቲያኑ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። አበስኩ ገበርኩ! ነገሩን ለማያውቀው ማስረዳት ነበረብኝ፤ አገሬ ያለሁ መስሎኝ ሳልናገር ቀረሁ። የግቢው ዘበኛ ሙስዐብ ከአረንጓዴው ድስት ሁለት ጊዜ አስጨምሮ ከበላ በኋላ፣ ተማሪዎችን በሃይማኖት የሚከፋፍል ስብሰባ አገኘሁ ብሎ ሪፖርት ጻፈ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል በወሬ ብቻ እሰማ ነበር፤ በአካል ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ምርመራው። ተማሪ በሃይማኖት እንዳይከፋፈል እንቅልፍ የሚያጣው ኮሚቴዎ ሁላችንንም ጠርቶ፣ ከስማችን ቀጥሎ ሃይማኖታችንን ጠየቀን፤ ከዚያም እስላሞቹን በአንድ ክፍል፣ ክርስቲያኖቹን በሌላ ክፍል አስቀምጦ መረመረን። ክበቡ በቆየበት ዓመት ከመንፈቅ ተለያይተን የተቀመጥነው ያን ቀን ብቻ ነው። ለዚህም ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፫. ስለ ሉጥፊያ። እዚህ ላይ ቀልዱ ያንቀኛል። ክበቡን መዝጋት ፈለጋችሁ፣ ዘጋችሁት፤ እሺ። ግን ሊቀመንበር ናትና ቢጣቃዋን፣ የተማሪነት መታወቂያዋን፣ ነጠቃችኋት። ቢጣቃ የሌለው በር አይገባም፤ በር ያልገባ ፈተና አይቀመጥም፤ የዓመቱን ፈተና ያልተቀመጠ የውጭ ዜጋ ደግሞ ከመዝገብ ይሰረዛል። ፈተናው እሑድ ነው። ኮሚቴው ጉዳይዋን የሚያየው ከፈተናው በኋላ ነው። ኧረ በሕግ አምላክ! ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ እኮ! ይህንኑ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የራሴን ቢጣቃ ከላዩ አድርጌ ለቢሮዎ ጸሐፊ ሰጠሁ። እሷም በመዝገቡ ላይ የእኔ ቢጣቃ እንዳልተጠየቀ በትሕትና ገልጻ መለሰችልኝ።

፬. አራተኛ ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩት እንጂ ቅሬታ አልቆብኛል። እትዬ ሐምዲያ ከእመቤታቸው ግማሽ ቀን ለምነው ደጅዎ ድረስ መጡ፤ ቡክራ ተባሉ። ነገ ማለት ነው ብለው በማግስቱ መጡ፤ ቡክራ ኢንሻአላህ ተባሉ። በሦስተኛው ቀን እመቤታቸው አልፈቀዱም። ሁለተኛውን ቀን ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው የእኔንም ሒሳብ ከፈሉልኝ፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ማን ዘንድ ልሂድ? ለማን አቤት ልበል? አላውቅም፤ እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ባለማንበብዎ ውድ ጊዜዎን እንዳላባከንኩ ስለማውቅ ደስታዬ ታላቅ ነው። ፈጣሪ ለዕድሜዎም ለወንበርዎም ርዝማኔ ይስጥ፣ ደጅ ጠኚም አያሳጣዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
ሰብለ አያሌው
የተዘጋው ክበብ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሉጥፊያ ከትናንት ጀምሮ ካፉሪ፣ ከእናቷ አሠሪዎች ጎረቤት፣ በሠራተኛነት ገብታለች። የቤቱ ልጅ የክፍላችን ተማሪ ነው፤ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ለእሑዱ ፈተና የምታስጠናው እሷ ናት። ከክፍላችን አንደኛ የምትወጣ ልጅ ስለነበረች እሱ እንደሚያልፍ አልጠራጠርምና፣ በተማሪዎ ውጤት ከወዲሁ እንኳን ደስ ያለዎ።