ከማን አመጣሽው?

ኅዳር 21
ገበያ ያወጣሁት ድንች ቶሎ አለቀልኝ። ስመለስ ክሊኒኩ ጎራ አልኩ፤ የማህፀን በር ምርመራዬ ውጤት ደርሷል። ኤችፒቪ የሚባለው፣ በግንኙነት የሚተላለፈው ቫይረስ ተገኝቶብኛል...
«ካንሰር አይደለም፤ ኤችአይቪም አይደለም» አለች ነርሷ ፈቲያ። «ከግንኙነት በኋላ ደም አይተሻል? ሽታ ያለው ፈሳሽ?»
ምንም።
«አብዛኛው ሰው ምልክት የለውም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ካላጠፋው ግን ቁስል ያመጣል። ታኅሣሥ 7 ነይ፣ እንየው።»


ኅዳር 22
ለባይሳ ነገርኩት። ባሌ ነው ብዬ... ሞኝ!
«ከማን አመጣሽው?»
ለዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል፣ መቼ እንደያዘኝ አይታወቅም አልኩት። ፍራሹን ጎትቶ ሳሎን ተኛ። እህቱ ገለቴ ደግሞ የጠጣሁበትን ብርጭቆ በበረኪና ፈተገችው። ዓይኔ እያየ።
«መሬታችንን የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ይብላው፣ ወንድሜን አንቺ ብዪው!»
በብርጭቆ አይተላለፍም። ልንገራት? እጇ ይላጥ።

ኅዳር 28
ባይሳ አዲስ አበባ ተመርምሮ መጣ። «ነፃ ነኝ!» ወረቀቱን አየሁት። የኤችአይቪ ነው። የኔው ቫይረስ ለወንድ የተለመደ ምርመራ እንደሌለው ፈቲያ ነግራኛለች።
«አሁን ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?»
ሽማግሌ ጠርቶ ሊያስወጣኝ ነው። ከዚህ ቤት...

ታኅሣሥ 3
ሽማግሌው ኦቦ ዋቆ መጡ። ባይሳ ወረቀቱን ዘረጋ። ገለቴ አለቀሰች፣ ያለ እንባ።
«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺስ?»
በዚህ ቤት «አንቺስ?» ያለኝ ሰው ነበር?
«ወረቀቱ የሌላ በሽታ ነው፣ ኦቦ። የኔ ከማን እንደመጣ እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም። ከኔ በፊት አግብቶ የፈታው ግን እሱ ነው።»
ገለቴ ለቅሶዋን አቆመች። ኦቦ ዋቆ ወደ ባይሳ ዞሩ።
«የፈታሃትንስ አስመርምረሃታል?» ባይሳ ወረቀቱን አጣጠፈ። «እሷ ትታከም። ከቤቷ የሚያስወጣት የለም።»

ታኅሣሥ 7
ማስተር ፕላኑን የሚቃወሙ ወጣቶች አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ደርድረዋል፣ ጎማ ይቃጠላል። ታክሲ የለም። ከላይ በኩል ተኩስ።
ገለቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ብትሞቺ ሬሳሽን ማን ያነሳል?»
«አንቺ እንደማትነኪኝ አውቃለሁ።»
በእግሬ ሄድኩ። ጭሱ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። ፈቲያ የማህፀን በሬን ኮምጣጤ ቀብታ አየች። ነጭ ሆነ። ካንሰር ሳይሆን፣ ቢተው ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ቁስል ነው። እዚያው ቁስሉን በሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አከመችኝ። አንድ ወር ከባል መራቅ፤ በዓመቱ እንደገና መታየት።
ቁርጠት አለኝ። ስለ ወሩ ለባይሳ ነገርኩት፤ ስለ ቁርጠቱ ግን ለማንም አልነገርኩም።

ጥር 9
ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ባይሳ ስለ መሬቱ ሲያወራ ዋለ፣ ሳቁ ተመልሷል። እራት እንደበላን ፍራሹን ተሸክሞ መኝታ ቤት ገባ።
«በቃ፣ ታረቅን አይደል?»
«ማን ከማን?»
«ነርሷ ያለችው ወር አልቋል እኮ!»
ፍራሹን ተቀበልኩት። ሳሎን ወስጄ አነጠፍኩለት።
«የነርሷ አልቋል። የኔ ገና ነው።»