ማሽኑ ይነሳ አልኩ እንጂ አልገደልኩህም

አባዬ፣

ከተለየኸን አርባህ ሊሞላ ነው። ቤቱ ለተዝካርህ ሽር ጉድ ይላል። እትዬ ዘይነባ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ድግስ ለእኔ ተይው ብላ ጓዳችን ከከተመች ሰነበተች። ካባህን ለደብሩ ሰጠሁ። በቅሎህ ግን ሌላ ሰው አላስቀምጥም ብላ መካነ ሰላምን ታምሳለች፤ ግትርነቷ እንደ እኔ ነው።

ወንድሜ ግን በተዝካርህ አልገኝም ብሏል። አባቷን የገደለች መጀመሪያ ንስሐ ትግባ ይላል፤ ዘመድም ከእሱ ጋር አብሯል።

ደሴ ሆስፒታል በማሽን ስትተነፍስ ሐኪሙ ጠራን። ጭንቅላትህ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ ማሽኑም ትንፋሽህን ከመግፋት በቀር አይመልስህም አለን። ወንድሜ አላስቻለውም፤ መርፌ ወግተው እንዲያሳርፉህ ለመነ። ሐኪሙ እምቢ አለ፤ እኔም በቁሜ አይደረግም አልኩ። ማሽኑ ይነሳለት ሲባል ግን እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ቢጠይቁኝ እሺ እላለሁ።

ወንድሜ ያቺን ቀን እያነሳ “ከመርፌው በምን ይለያል? የእኔው እንኳ ባላንገላታው ነበር” ይለኛል።

ልዩነቱንማ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ነፍስ አባት ሆነህ ስንቱን ሸኝተሃል! ያኔ በከላላ መንገድ የነበሩት አዛውንት ሲያጣጥሩ ጠበሉን ይዤልህ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ልጆቻቸው እየጮሁ ሲጎትቷቸው፣ የምትሄድ ነፍስ አትያዝም ብለህ ከቤት አስወጣሃቸው። ቶሎ እንዲያልፉ ውሃ እንከልክላቸው ያለውን ልጃቸውን ደግሞ በመቋሚያህ ልትለው ምንም አልቀረህም። ከዚያ ጥጥ በጠበል ነክረህ፣ ከንፈራቸውን እያራስክ እስኪያልፉ አጠገባቸው ተቀመጥክ።

እኔም ያንኑ አደረግኩ። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ በራስህ ትንፋሽ እስከ ቀትር ቆየህ። ሐኪሞቹ ሕመም እንዳይሰማህ መድኃኒት ሰጥተውህ ነበር። ወንድሜ ማየት አቅቶት ወደ ግቢ ወጣ፤ አልፈርድበትም። እኔ ግን ከንፈርህን አራስኩ፣ ዳዊትህንም እንደሆነልኝ ደገምኩልህ። መርፌው ቢሆን ኖሮ የሰው እጅ ይገድልህ ነበር። አንተን የወሰደህ በሽታህ ነው፤ በእኔ እጅ የነበረው ጥጥ ብቻ ነው።

ትናንት ሽማግሌዎች መጡ። ንስሐ ገብተሽ ነገሩ ይብረድ፣ ወንድምሽም ይምጣ አሉኝ። አንተ ብትኖር ምላስሽን ያዢ ትለኝ ነበር፤ አልያዝኩም። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ በተዝካርህ ሳላየው ብቀር እንደ እሳት ይፈጀኛል። ቢሆንም ገዳይ ነኝ ብዬ መስቀል ፊት አልዋሽም አልኳቸው።

እስካለሁ ድረስ በየዓመቱ ስምህን አስጠራለሁ። እንዴት እንዳለፍክ ለጠየቀኝም ሁሉ አጠገብህ ሆኜ ያየሁትን እናገራለሁ። ለወንድሜ ከእኔ ጎን ቦታ ትቼለታለሁ፤ መምጣትና መቅረቱን እሱ ያውቃል። ንስሐ የምገባበት ኃጢአት ሞልቶኛል አባዬ፤ በአንተ ግን አልገባም።

ልጅህ