ወለድ ያልጠየቀው አበዳሪ

ሐሙስ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ አትላንታ። ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። ሚድታውን ባለው ሆቴል በተደረገው የምሳ ግብዣ ላይ የተገኘነው ክቡርነትዎ፣ አሥራ አንድ አበዳሪዎችና ውሃ ቀጂዋ እኔ ነበርን።

ለአዲሲቱ አገር የገንዘብ ጉዳይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የመንገዱ ድካም ለቅቆዎት፣ ምሳውም ተስማምቶዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ብርጭቆዎን ስሞላ በአማርኛ «እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቋንቋውን እኛ አገር በስደት ሳሉ እንደተማሩት ለእንግዶችዎ ሲያጫውቱ ሰምቻለሁና ይህን በማኅበራችን መጽሔት ላይ ሳወጣው ያለ አስተርጓሚ እንደሚያነቡት አምኜ ነው።

1. ታናሽ ወንድሜ ክፍሌ አገራችሁ ነፃ በወጣች በዓመቱ ሒሳብ ሊያስተምርላችሁ መጣ። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ወራት ያለ ደመወዝ አስተማረ። በዚህ አልወቅስዎትም፤ አዲስ ጎጆ የወጣ ሰው ድስትም ይቸግረዋል።

2. አበዳሪዎች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ሲመጡ፣ መምህራኑ ደመወዝ እንደተቀበሉ አድርገው መዝገቡ ላይ እንዲፈርሙ ተለመኑ፤ ገንዘቡ ብድሩ ሲፈቀድ ይሰጣችኋል ተባሉ። ወንድሜ እንግዳ ነውና ይሉኝታ ይዞት የዘጠኙንም ወር ባንድ ጊዜ ፈረመ። ያን ዕለት ደውሎ «እትዬ ደጊቱ፣ ዛሬ ሀብታም ሆኜ ፈርሜ ድሃ ሆኜ በእግሬ ገባሁ» ብሎ ሲስቅ አብሬው ሳቅሁ። ስለ ሳቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እርስዎን ሳይሆን እሱን።

3. ወባ ጠናበት። ያጠራቀምሁት ሁሉ ለሕክምናው አለቀ፤ ጥቅምት 20 ቀን እዚያው አገራችሁ ሞተ። ሬሳውን አገር ቤት ላለችው እናታችን ለማድረስ የዘጠኝ ወር ደመወዙ እንዲለቀቅልን ለመሥሪያ ቤትዎ ጻፍሁ። መልሱ በሦስት ቀን ደረሰኝ፤ ለፍጥነቱ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። «ሟቹ ሙሉ ደመወዛቸውን ተቀብለዋል፤ ፊርማቸው ተያይዟል» ይላል። ፊርማውን አወቅሁት። የ«ክ»ን እግር እንደ ልጅነቱ አስረዝሞታል።

ዛሬ ለእንግዶችዎ «የወሰድነውን አንዲት ሳንቲም አንክድም» ሲሉ ጆጉን ይዤ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። እዚያው ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ እንጀራዬን ፈራሁ። አበዳሪዎችዎ ሁሉ ወለድ ጠይቀዋል፣ ሁሉም ምሳ በልተዋል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለ ወለድ ያበደራችሁ አንዱ ብቻ ሳይጋበዝ ቀረ። እሱንም ሬሳ ቤቱ ከነገ በላይ አላቆየውም ብሏል።

ለአገርዎ ብልጽግናን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜን የምመኝ፣ ከጠረጴዛዎ የተረፈውን ሥጋ ባነሣሁበት እጅ፣ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ በታላቅ አክብሮት የምፈርም፣

ደጊቱ ወንዳፍራሽ፣ ከአትላንታ ዳር፣ ከቻምብሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመልሱ እንዳይቸኩሉ ይህን ላሳውቅዎ። ዓርብ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለእናታችን ደወልሁ። ሬሳው ሳይመጣ ለቅሶ አልቀመጥም ብላ አሥራ ሦስት ቀን በሯን ዘግታ ነበር። እዚያው እንደሚቀበር ነገርኋት። «አፈሩስ የማን ነው?» አለችኝ። የእርስዎ መሆኑን ነገርኋት። ከዚያ ፊቴን ታጠብሁ፣ ባቡር ያዝሁ፣ በሁለት ሰዓት ለሌላ ግብዣ ጠረጴዛ ማልበስ ጀመርሁ።