በሲባጎ የታሰረ ፍሬ

ውድ ደራሲ ባዩ፣

ጤናዎን አልጠይቅም፤ ፌስቡክ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ፣ ደህና ነዎት። ስለ እኔም አልጽፍልዎትም፤ ጠይቀው አያውቁም።

ከወልቂጤ ሁለት ወረቀት እንደሚጠብቁ ተነግሮኛል። አንደኛው «ከባዩ ጋር የተዋወቅኩበት ቀን» የሚል የአንድ ገጽ ትዝታ ነው፤ ለ«ቢጫው ፍሬ» የሃያ አምስተኛ ዓመት እትም መጨረሻው ላይ የሚታተም። ሁለተኛው ሳቢሪን የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ «በሕዝብ ፊት ስላዋረደችዎ» የምትጽፈው ይቅርታ ነው። ሁለቱንም እንዳዘጋጅ የታዘዝኩት እኔ፣ የአማርኛ መምህሩ ሽባባው ነኝ። አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። ፖስታ ቤት መመላለስ አልወድም።

ከትዝታው ልጀምር። መጽሐፍዎን ያነበብኩት በ1994 ዓ.ም. ጎንደር ለመምህርነት ስማር ነው። ሁለቱ ፍቅረኞች ጉራጌ አገር ከእንሰት ሥር ተቀምጠው ቢጫውን የእንሰት ፍሬ ልጠው ለሁለት የሚካፈሉበት ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። ስመረቅ የምደባ ምርጫ ቅጹ ላይ ወልቂጤ ብዬ ሞላሁ። አባቴ «እዚያ ማን አለህ?» ሲለኝ «ባዩ አለ» አልኩት። አዲስ አበባ ቦሌ እንደሚኖሩ አላውቅም ነበር።

ወልቂጤ የተከራየሁት እትዬ ነዒማ ግቢ ውስጥ ነው። ጓሮው እንሰት በእንሰት ነበር። በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ ነዒማ፣ ፍሬው መቼ ነው የሚደርሰው?»

«የምኑ?»

«የእንሰቱ።»

የያዙትን ቢላዋ አስቀምጠው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ እስከ ምን ድረስ ነው የተማርከው?»

«ዲፕሎማ አለኝ።»

«በል ይህን የጠየቅከውን ለሌላ ሰው እንዳትናገር» አሉኝና እሳቸው ለሰፈሩ ሁሉ ተናገሩ። የእንሰት ፍሬ እንደማይበላ፣ የሚበላው ግንዱ ተፍቆ ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ሲሆን እንደሆነ፣ ሲያብብ ጊዜው አለፈበት እንደሚባል፣ ያ የሚያወጣው ነገርም ጥርስ የሚሰብር ጥቁር ዘር የታጨቀበት እንደሆነ ያስረዱኝ ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነው። የሰፈሩ ልጆች ቲቸር ፍሬው ብለው ሰየሙኝ። እስከ ዛሬ እውነተኛ ስሜ ፍሬው የሚመስላቸው ጎረቤቶች አሉኝ።

በትሕትና ጻፍኩልዎት። «ምናልባት የማተሚያ ቤት ስህተት ይሆናል» ብዬም ማምለጫ አበጀሁልዎት። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «ወንድሜ፣ በገበሬ ጓሮ እንሰት አያፈራም፤ በደራሲ ጓሮ ግን ያፈራል።» ከሥሩ የገጹን ግማሽ የወሰደ ፊርማ።

አምላክ ያነጋገረኝ መሰለኝ። ደብዳቤዎን በላስቲክ ሸፍኜ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየመስከረሙ፣ ለአዲስ ተማሪዎች ሳነብ ኖርኩ። «ሥነ ጽሑፍ ማለት ይኼ ነው» እላቸዋለሁ። ሌሊት ቢቀሰቀሱ እንሰት ከነሥሩ መንቀል የሚችሉ የቸሃ ጉራጌ ልጆች፣ እንሰትን ከመኪና መስኮት ያየ ሰው ስለ እንሰት የተናገረውን ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። አምስት ነጥብ አለው።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ይመጣሉ ተባለ። ለአዲሱ እትም ሽፋን ከእንሰቱ ሥር ፍሬውን ይዘው ፎቶ መነሳት እንደሚፈልጉ በስልክ ተናገሩ። የአቀባበል ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ደረጄ ፊቱ አመድ መስሎ ትምህርት ቤት መጣ።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው የምናሳያቸው?»

«እንሰት።»

«ፍሬውስ?»

«ፍሬ የለውም።»

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ!»

«መጽሐፉ ላይ አለ።»

«ታዲያ ከመጽሐፉና ከእንሰቱ አንዱ ይስተካከላ! እንግዳ ጠርተን ልናሳፍር ነው?»

መጽሐፉ አሥራ አንድ ጊዜ ታትሞ አልተስተካከለም። ስለዚህ እንሰቱን አስተካከልነው። ገበያ ወርጄ አንድ ዘለላ ሙዝ መረጥኩ። በአይሱዙ ተጭኖ ከአርባ ምንጭ የመጣ ነው። ሻጯ እየመዘነች «ለታማሚ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት፤ ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ለእውነት የቀረበው እሱ ነው። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ካለው እንሰት ላይ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ ሙዙን በሲባጎ ያሰርኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ወርጄ ራቅ ብዬ አየሁት። በእግዜር ሥራ ላይ እርማት የሠራሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚህ ላይ ልዋሽዎት አልችልም።

እርስዎም መጡ። በመጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ አድናቂዎችዎ ከእርስዎ ጋር የተዋወቁበትን ቀን ተናገሩ። ባንክ የምትሠራው ትርሲት «ቢጫው ፍሬን እያነበብኩ ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ ወልቂጤን አልፌ ጅማ መድረሴን ያወቅኩት መጽሐፉ ሲያልቅ ነው» አለች። ከወልቂጤ ጅማ ወደ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነው። የአውቶቡሱ ረዳትም አብሯት ያነብ ነበር መሰለኝ። የሞባይል ሱቅ ያለው ሙንታሲር ወንድ ልጁን በዋናው ገጸ ባሕርይ ስም እንደጠራው ተናግሮ እንባውን ጠረገ። ያሉት ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው። እርስዎ ግን ሁሉንም እያመኑ፣ አገጭዎን በመዳፍዎ ደግፈው፣ ስለ ሌላ ታላቅ ሰው እንደሚወራ ሁሉ በትሕትና ይነቀንቁ ነበር። እኔም ተራዬ ደርሶ ያን ደብዳቤ አነበብኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎ እንደጻፉት እንኳ አላስታወሱም፤ «ማን ነው ያለው?» ብለው አጠገብዎ ያለውን ሰው ሲጠይቁ አይቻለሁ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣን። ከእንሰቱ ሥር ቆመው አንዱን ቀጥፈው ላጡ። ካሜራው ተደቀነ። ጎረሱ። ዓይንዎን ጨፈኑ። «ጣዕሙ አልተለወጠም» አሉ።

ያን ጊዜ የንባብ ክበባችን ጸሐፊ ሳቢሪን፣ መጽሐፍዎን አራት ጊዜ ያነበበች ልጅ፣ ከፊት ረድፍ ሆና «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሙዝ ነው» አለች። ድምጿ ውስጥ ስድብ አልነበረም። ሸሚዙ ላይ ወጥ ለፈሰሰበት ሰው እንደሚነገረው ነው የተናገረችው። ቀጥላም «ሲባጎው ይታያል» አለች።

ደረጄ «ዝም በይ አንቺ!» ብሎ ጮኸ። እርስዎ እጅዎን አንስተው አስቆሙት፤ ይህን የለመዱት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «ልጄ፣ በገበሬ ጓሮ እንሰት አያፈራም፤ በደራሲ ጓሮ ግን ያፈራል» አሏት።

ቃል በቃል። ድርብ ሰረዙ ሳይቀር። ለእኔ ብቻ የተላከ የመሰለኝ ምሥጢር ኪስዎ ውስጥ የሚዞር ማኅተም ኖሯል፤ የት የት እንደመቱት እግዜር ይወቅ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ጨመሩበት። «ይቺ ልጅ እንሰት እንጂ መጽሐፍ አታውቅም!» ሕዝቡ ሳቀ። ሳቢሪን ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ሙዝ አይደለም እንዴ?»

ሳቅኩ። አብሬ ሳቅኩ፣ ጋሽ ባዩ። ጮክ ብዬ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። ልጅቷ የይቅርታ ደብዳቤ ፈርማ ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ካላነበበች ቡታጅራ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች የንባብ ውድድር አትሄድም አለኝ። ሳቢሪን ለዚያ ውድድር ዓመት ሙሉ ተዘጋጅታለች። ምሳዋን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቆማ ነበር የምትበላው። እናቷ ወይዘሮ ሰፍያ ገበያ ውስጥ ቆጮ ይሸጣሉ፤ ሄጄ አገኘኋቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወይዘሮ ሰፍያ።»

«ወዐለይኩም ሰላም ቲቸር። ልጄ ምን አጠፋች?»

«ሙዝን ሙዝ ነው አለች።»

«ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ይቅርታው ለማን ነው? ለሙዙ ነው?»

እሳቸው ቆጮውን በኮባ እየጠቀለሉ ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ትፈርማለች። ቡታጅራ ትሂድልኝ። እኔ በቀን አሥር ጊዜ ቆጮሽ ይሸታል እያለ ለሚገዛኝ ሰው ሁሉ እሺ፣ ይቅርታ እላለሁ። እሷ አንዴ ብትል አትሞትም።»

ይቅርታውን እኔው ጻፍኩት። በጣም ያማረ ነበር። «እኔ ሳቢሪን ሙባሪክ፣ በእውቀት ማነስ ምክንያት» ብሎ ይጀምራል። ሳቢሪን አንብባ ስትጨርስ እስኪርቢቶውን አንስታ የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈችው።

«ቲቸር፣ በእውቀት ማነስ የሚለው የማን እውቀት ነው?»

«የደብዳቤ አጻጻፍ ነው እሱ። እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

«እሺ» ብላ ፈረመች። የእርስዎን ፊርማ ሃያ ሁለት ዓመት በላስቲክ ሸፍኜ ያኖርኩ ሰው፣ የእሷን ፊርማ ለማየት አልደፈርኩም።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ። ሳቢሪን ወረቀቱን ይዛ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። «እኔ ሳቢሪን ሙባሪክ፣ በእውቀት ማነስ ምክንያት» አለችና ድምጿ ቀረ። አላለቀሰችም። እንደ ማንኛውም ጎበዝ ተማሪ፣ ስህተት የሆነ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ አቅቷት ነው። ሄጄ ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና ማይክራፎኑን ያዝኩ።

«ሙዙን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «በሲባጎ። እንግዳው የበሉት የአርባ ምንጭ ሙዝ ነው። ሳቢሪን ያለችው እውነት ነው፤ ስትጠይቀኝም አውቅ ነበር።»

ከኋላ ረድፍ አንዱ «ቲቸር ፍሬው!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሰንደቅ ዓላማ ሥር ብዙ ንግግር አድርጌያለሁ፤ ተማሪ ሲያዳምጠኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስገብቶ ከክበቡ ኃላፊነት አነሳኝ። ይቅርታውም እንደገና እንዳይነሳ አዘዘ፤ በተነሳ ቁጥር ሙዙም መነሳቱ አይቀርምና። ሳቢሪን ከሌላ መምህር ጋር ቡታጅራ እንድትሄድ ተፈቀደ።

ጋሽ ባዩ፣ ስለ እርስዎ ሳስብ አንድ ነገር ብቻ ያቃጥለኛል። ስህተቱ አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት ሲሳሳት የኖረ ሰው ያሳዝናል እንጂ አያናድድም። ግን ሙዝ ቀምሰው የማያውቁ ሰው አይደሉም። አፍዎ ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ ከማንም በፊት አውቀዋል። አውቀው ነው ዓይንዎን የጨፈኑት። ያን ቀን ጓሮው ውስጥ እውነቱን የምናውቅ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ነበርን፤ ለመናገር ግን የአንዲት ልጅ አፍ ጠበቅን፤ ስትናገርም ሳቅንባት። ከዚህ በፊት እርስዎን ከፍ አድርጌ እኔን ዝቅ አደርግ ነበር። አሁን እኩል ነን። ለእርስዎ ይህን ማለቴ ምን ያህል ስድብ እንደሆነ የሚያውቀው እኔን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይቅርታው፣ እንግዲህ፣ አይመጣም። ትዝታዬን ማተም ከፈለጉ ሳያሳጥሩ ያትሙት። ካላተሙትም ለወልቂጤ አንባቢ ሁሉ የማነብበት ቦታ አላጣም።

ትናንት ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ሳቢሪንን ሸኘኋት። ሚኒባሱ እስኪሞላ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለዚያ ነበር የሄድኩት። ሳቢሪን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ያን ቀን እኮ ጠይቄዎት ነበር» አለች።

ረዳቱ በሩን ዘጋና ሄዱ።

ሐሙስ ትመለሳለች። እስከዚያ ለእሷ አንድ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ አማርኛዬ ሁሉ ያምራል፣ ያ ነው ችግሩ። ይህን ለእርስዎ የጻፍኩትን ግን አንድም ቦታ አልሰረዝኩም።

የቀድሞ አንባቢዎ፣
ሽባባው
ወልቂጤ