የጠጅቱ እርምጃ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ፋርማሲው ዛሬም ሰው በሰው። ጉንፋን ከተማውን ይዞታል። ከጠዋት ጀምሬ የሳል ሽሮፕ ሳድል ነው የዋልኩት፣ ገና አሁን ተቀመጥኩ። ርቦኛል። ግን አንቺን ሳላወራሽ እህል አይወርድልኝም፣ ማስታወሻዬ።

ጠጅቱን ሆና የምትሠራዋ ታወቀች!

«የጎጀብ ማዶ» ተከታታይ ድራማ ሊሆን እንደሆነ ባለፈው ጽፌልሻለሁ። ጅማ ውስጥ ማንበብ የሚወድ ሁሉ የሚያብድለት ልብ ወለድ። ጠጅቱ ቡና ለቃሚ ናት፤ ቤተሰቦቿ እምቢ ሲሏት ከምትወደው ሰው ጋር ወንዝ ተሻግራ የምትጠፋ። ዛሬ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለቀቁ። ልጅቷ ቀይ፣ ረጅም፣ ቀጭን። እያንጎራጎረች ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ቀጥ ብላ! ጠጅቱ እኮ ታነክሳለች! ደግሞ እንጉርጉሮው ከየት መጣ?

የቴሌግራም ግሩፓችን («የጠጅቱ ወዳጆች ጅማ»፣ 64 ሰው) በእሳት ተያያዘ። አንዱ ጠይም ናት ይላል፣ አንዷ አጭርና ደልደል ያለች ናት ትላለች። በእግሯ ግን ሁሉም አንድ ነው። ባጃጅ ነጂው ከድር በድምፅ ላከ፦ «ማል ኩኒ! ምንድን ነው ይሄ! እግሯን ከወሰዱባት ምኗ ቀረ?»

እኔም አላስቻለኝም፣ ለጠፍኩ። ይቺ ልጅ ጎጀብን የምትሻገር ሳይሆን ቦሌ ኬክ ልትበላ የምትሄድ ነው የምትመስለው አልኩ። በግማሽ ሰዓት ፌስቡክ ላይ ወሰዱት። ላይክ በላይክ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽሽም። ደንበኛ መጣ፣ ልነሣ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ምሕረት ደወለች። ገና ፊቴን ሳልታጠብ።

ምሕረትን ታውቂያታለሽ፤ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ፣ አሁን ከጅማ ወጣ ብሎ ሰቃ አስተማሪ። ከልጅነቷ ቀኝ እግሯ ያጥራል። ስትራመድ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ትላለች። ስለዚህ ነገር አታወራም፣ እኛም አናወራም። ዐሥራ አራት ዓመታችን ላይ «የጎጀብ ማዶ»ን ከአባ ተከራየች (አባቴ ያኔ ሄርማታ ገበያ መጽሐፍ ያከራይ ነበር፤ ለከተማው ሁሉ ጋሽ ነጂብ)። ሁለት ቀን ት/ቤት ቀረች። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ያንን መሬት የሚጠርግ ቀሚሷን ጥላ እግሯ የሚታይበት አጭር ጉርድ ለብሳ ነበር። ምክንያቱን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም፣ ግን ገብቶኛል። እስከ ዛሬ ቴሌግራሟ ላይ ከፎቶዋ ሥር ያለው ቃል የጠጅቱ ወዳጅ ቃል ነው፦ «ከእርምጃዋ ድምፅ ነው የማውቃት»።

ዛሬ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ድምጿ ቀዝቃዛ። የሚያነክስ ሰው ለቲቪ አይሆንም ማለታቸው ነው አለች። ደብዳቤ እየጻፈች ነው፤ ልጅቷ እንድትቀየር የሚጠይቅ። የድራማው ሰዎች ጥቅምት 23 ጅማ ይመጣሉ፣ አዳራሽ ውስጥ ከሕዝብ ጋር ይወያያሉ። መድረክ ወጥታ ልታነበው ነው። እሷ ራሷ! ሰሌዳ ላይ ውጪ እንዳትባል ከፊቷ ከተቀመጠው ልጅ ጀርባ ትደበቅ የነበረችው ምሕረት።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ 11፡00

አንድ ነገር ከንክኖኛል።

አገር ምድሩ የሚሳተፍበት የአንባቢዎች ገጽ ላይ ስለ እግሯ የሚጮኸው የጅማ ሰው ብቻ ነው። አንድ የሐዋሳ ልጅ የምን ማነከስ ነው የምታወሩት ብሎ ጠየቀ። አንዲት የደሴ ሴትዮ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ስንተኛ ገጽ ላይ ነው አለች። ከድር ሰድቧት ዞር አለ። እኔ ደግሞ ገጹን ፎቶ አንሥቼ ላሳፍራቸው ብዬ ከአልጋዬ ሥር የአባን ካርቶን ጎተትኩ።

መጽሐፉ እንደ ድሮው ነው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ። ገጽ 87 እና 88 የታተመ አይደለም፤ በእጅ የተጻፈ የደብተር ወረቀት ነው፣ በክር የተሰፋ። ይህን ሁልጊዜም አይቼዋለሁ። ሁላችንም አይተነዋል፤ ጅማ ያነበበው ይህንኑ አንድ ኮፒ ነው። የተቀደደ ገጽ በእጅ ገልብጦ መተካት የአከራዮች ልማድ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል።

ስለ እግሯ የተጻፈው ሁሉ እነዚህ ሁለት ገጾች ላይ ነው። ሌላ ቦታ አንድም ቃል የለም። ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ።

ጽሑፉ የአባ እጅ ነው።

አዲስ አበባ ላለችው የአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። አዲሱን እትም ሰሞኑን ገዝታለች። ወንዙ ጋ የሚገናኙበትን ቦታ ፎቶ ላኪልኝ አልኳት።

12፡15

ላከችው። የለም፣ ማስታወሻዬ! እግር የሚባል ነገር የለም። ጠጅቱ እያንጎራጎረች ትወርዳለች፣ ልጁ በጨለማው ውስጥ በእንጉርጉሮዋ ያውቃታል። በቃ። ያቺ ያላገጥኩባት ልጅ የሠራችው መጽሐፉን ነው። «ከእርምጃዋ ድምፅ ነው የማውቃት» የሚል አረፍተ ነገር ደራሲው አልጻፈም። 

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ 5፡00

አባ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይሰማል። መጽሐፉን ገልጬ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ልውጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ደንበኛ ልጁ የቀደደበትን መጽሐፍ መለሰ፣ አንድ ቅጠል የለውም። ዘጠኝ ሰው ወረፋ ይዟል። መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቷል፣ ከተማው ውስጥ ሌላ ኮፒ ፈልጎ አጣ። የጎደለውን ሊጽፍ ተቀመጠ። መጀመሪያውን ያስታውሳል፣ መሐሉ ጠፋው። ገጽ 89 ደግሞ የሚጀምረው «ሳያያት እሷ መሆኗን ዐወቀ» ብሎ ነው። እንዴት ዐወቀ? አባ ሁለት ቀን አሰበ። በመጨረሻ እግሯን አሰበ።

ለምሕረት ብለህ ነው ወይ አልኩት። እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ በጣም ፈልጌ ነበር። አይ አለ። ያኔ ምሕረትን አያውቃትም። ያሰበው የአጎቱን በቅሎ ነው። አጎቱ አንካሳ በቅሎ ነበረችው፤ ከገበያ ስትመለስ ገና ከሩቅ በኮቴዋ ይለዩዋታል። ወላሂ፣ ጅማን ሁሉ ያስለቀሰው የጠጅቱ እግር የበቅሎ እግር ነው!

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ ምሕረት ትዝ አለችኝና ሳቄ ከአፌ ላይ ቀረ።

ለምን ሳትናገር ቆየህ አልኩት። ሰው መጽሐፉን ሊመልስ ሲመጣ ያንን ገጽ እያነሣ ዕንባው ይመጣል፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት እንዴት ይበል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ከበደው። የሰው መጽሐፍ ውስጥ እጄን አስገባሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ አለ። ምሕረት እንዳትሰማ ብሎ ለመነኝ።

እና እኔ ምን ላድርግ? ዝም ካልኩ መድረክ ላይ ትወጣለች፣ የድራማው ሰዎች መጽሐፉን ገልጠው የታለ ይሏታል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይስቅባታል። ከነገርኳት ጠጅቱን ከእጇ ነጠቅኳት ማለት ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ 10፡00

ሰቃ ሄጄ መጣሁ። ነገርኳት።

በየበሩ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል፣ ሚኒባሱ ጥግ ጥጉን እየተሽሎከለከ አደረሰኝ። ተማሪዎቿ የሠሩትን ፈተና ስታርም አገኘኋት። የአባን ገጽና የስልኬን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላት። የአባን አነበበች። የስልኩን አነበበች። እንደገና የአባን። ማን እንደጻፈው ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሌላ ማን ያውቃል አለች። ማንም አልኳት። የበቅሎዋን ነገር ግን ዋጥኩት።

ከዚያ መቀባጠር ጀመርኩ። መጽሐፍ ብቻ እኮ ነው አልኩ።

«ላንቺ» አለች።

ፈተናውን መልሳ ያዘች። እስከ በር አልሸኘችኝም። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ምንም ሳትጠይቅ ሶፍት ሰጠችኝ። መናገሬ ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ልክ ግን ሁለተኛ አያምጣብኝ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ሥራ ቦታ

ምሕረት ስልክ አታነሣም።

ያቺን የኬክ ነገር አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ስንቱ ገልብጦታል። ለተዋናይቷ በውስጥ መስመር ይቅርታ ጻፍኩ። አላየችውም። ከስንቱ ስድብ ሥር ይሆን የተቀበረው። ቪዲዮውን እንደገና አየሁት፣ አሁን ያለ ቁጣ። ድምጿ ያምራል። ቁልቁለቱ ላይ አንዴ ዘወር ብላ ወደ ቤቷ ታያለች፤ ያንን ባለፈው አላየሁትም ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ደራሲው ጠጅቱ ጠይም ትሁን ቀይ፣ ረጅም ትሁን አጭር አንድም ቦታ አልጻፈም። ይህን ሁሉ ሰው ምን እንዳጣላው ገረመኝና የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ እጠይቅ ጀመር። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱት እትዬ ጥሩወርቅ ቁርጥ እኔን በልጅነቴ አሉ። ከድር ለእናቱ መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ ትንሽ አፈረና የታላቅ እኅቱን መልክ ነገረኝ፣ ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ብዙ ጊዜ የሆናትን። የእኔዋን ደግሞ ሳስባት ምሕረት ናት። ሁልጊዜም ምሕረት ነበረች።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ግሩፑ ደብዳቤውን ይጠብቃል። ምሕረት አንብባ አትመልስም። አባ ምግብ ቀንሷል። ነገርሻት አይደል አለኝ። አዎ አልኩት። ኤዬ፣ ይሁን አለ። በረንዳው ላይ ቢቀመጥም ሬዲዮውን አልከፈተም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ 9፡30

መጣች!

ሳትደውል። በሩን የከፈተላት አባ ነው። እሱ እንደ ጥፋተኛ ቆሟል፣ እሷ እንደ ዳኛ። ተቀመጪ ማለት እንኳ ጠፋው። ወዲያው ጠየቀችው፦ ሲጽፉት የማን እግር ነበር ያሰቡት? እኔ ከኋላዋ ሆኜ በዓይኔም በእጄም እጠቅሰዋለሁ፣ አትናገር። አባ መዋሸት የት ያውቃል።

የአጎቴ በቅሎ ነበረች አላት።

  ምሕረት የበቅሎዋን ስም ጠየቀች። ቦራ አላት። «ቦራ» አለች፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ተከተልኳት። አባ ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል፣ ከዚያ እሱም ዓይኑን መጥረግ ጀመረ፤ የእሱ ሳቅ አልነበረም። ምሕረት ተነሥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ለደራሲው ስንት ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ጀምሬ እንደተውኩ ያውቃሉ፣ ለካ እዚሁ ሰፈር ነበሩ አለችው።

ሲረጋጉ ደብዳቤውን አወጣች። ቀይራዋለች። ልጅቷ ትቀየር የሚለው የለም። የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ጠጅቱ መጽሐፉ ውስጥ አታነክስም። ጅማ ውስጥ ግን ታነክሳለች።» ከዚያ የገጹን ታሪክ ይናገራል፣ የማን እግር እንደሆነ የሚነገርበት ቦታ ባዶ ተትቷል፣ አሁን ትሞላዋለች። መጨረሻ ላይ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። እዚህ ሲቀርጹ ከቡና ለቃሚዎቹ መሐል አንዷ እንደዚያ ብትራመድ።

ትናንት ለግሩፑ ልካው ነበር፤ እኔ ፈርቼ ግሩፑን ሳልከፍት ውያለሁ። ዐሥራ አንድ ሰው ለቅቋል። ከድር ከዳችሁን ብሎ ጻፈ፣ ጠዋት ደግሞ ነገ በስንት ሰዓት ልውሰዳችሁ ብሎ ጠየቀ።

አባን ግን ስጋቱ አልለቀቀውም። የመጨረሻው ምዕራፍስ አላት። እዚያ የታተመው ላይ ጠጅቱ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ትሮጣለች። «ሮጠች» ይላል። ያንን መንካት አልቻለም። ያን ሁሉ ዓመት መጽሐፉ በተመለሰ ቁጥር የምታነክስ ሴት እንዴት ሮጠች የሚለው ሰው ይመጣል ብሎ ሲፈራ ኖሯል። ማንም አልመጣም። የድራማው ሰዎች ግን ነገ ያንን ያነሡባታል። ሕዝብ ፊት ይስቁብሻል ልጄ፣ ይቅርብሽ አላት።

ምሕረት ደብዳቤውን እያጠፈች ነበር።

«ዐሥራ አራት ዓመቴ ላይ አይቼዋለሁ» አለችው። «እኔም እኮ እሮጣለሁ፣ ጋሽ ነጂብ።»

አባ መነጽሩን አደረገ። ከዚያ እስክርቢቶ ስጪኝ አለኝ። ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብሎ ዘረጋው፣ ስሙን ጻፈ፣ ከሥሩ ደግሞ፦ የገጽ 87 እና 88 ጸሐፊ። ነገ መድረክ ላይ አብሯት ሊቆም ነው። እኔም ፈረምኩ።